ከግቢው ጥግ ያለው ጋራዥ እድሳት

በግቢያችን የታችኛው ጥግ፣ ከዋናው ቤት ተነጥሎ የቆመው ጋራዥ አባቴ በ1950ዎቹ መጨረሻ ለቮልስዋገኑ ማደሪያ ያሠራው ነው። ስፋቱ 3 ሜትር ከ20፣ ርዝመቱ 5 ሜትር ከ60 ሲሆን፣ በባሕር ዛፍ ቋሚና ማገር ተዋቅሮ በጭቃ የተመረገ፣ በቆርቆሮ የተከደነ፣ ወደ መንገዱ የሚከፈት ባለ ሁለት ክንፍ የጣውላ በር ያለው ቤት ነው። በአሮጌዎቹ የአዲስ አበባ ሰፈሮች እንዲህ ዓይነት ጋራዥ ብዙ ነው፤ ብዙዎቹ ግን ዛሬ መኪና አያድርባቸውም፤ ሱቅ፣ ፀጉር ቤት፣ እንጀራ መጋገሪያ ወይም የተከራይ መኖሪያ ሆነዋል። የእኛም ዕጣ ከዚህ አልራቀም። የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን የመንግሥት ያደረገው አዋጅ ቁጥር 47/1967 ሲወጣ ከመኖሪያው ጋር በአንድ አጥር ውስጥ ስለነበር እኛው ዘንድ ቀረ፤ መኪናው ከተሸጠ በኋላ ግን ለጊዜው ተከራይ ገባበት፣ ከዚያ ደግሞ የከሰል፣ የማገዶና ማንም ሊጥለው የማይደፍረው አሮጌ ዕቃ ሁሉ መከማቻ ሆኖ ከረመ።

ልናድሰው ስንነሳ ቤቱ ወደ በሩ በኩል አዘንብሎ ነበር። የበሩ አንደኛው ክንፍ መሬት እየጫረ ካልተነሳ አይከፈትም፤ የኋላው ግድግዳ ከወገቡ በታች ወደ ውጭ አብጧል፤ ከላዩ የተለሰነው ሲሚንቶ እዚህም እዚያም ተገምሶ ወድቋል። ያየው ሁሉ የሰጠኝ ምክር አንድ ነበር፤ «አፍርሰህ በብሎኬት ሥራው።» ምክሩ የተሳሳተ ነው ለማለት አልደፍርም፤ ነገር ግን ከመካሪዎቹ አንዱም ጣሪያው ሥር ገብቶ፣ የግድግዳውን እግር ነካክቶ፣ ቤቱ በትክክል የት ቦታ እንደታመመ አልተመለከተም። አሮጌ ቤት ሁሉ ከፊት ለፊት ሲታይ ያለቀለት ይመስላል።

ለፍተሻው ያስፈለገን ቱንቢ፣ ውሃ ልክ፣ የእጅ ባትሪና አንድ ካቻቪቴ ብቻ ነበር። አብረውኝ የዞሩት ዕድሜያቸውን በአናጢነት ያሳለፉ የሰፈራችን ሰው ናቸው። ከጣሪያው ጀመሩ፤ ወራጆቹን አንድ በአንድ በካቻቪቴው ጫፍ ወጋ ወጋ አደረጓቸው። ከአንድ ሁለት ቦታ በስተቀር ብረቱ ከላይ ጭሮ ከማለፍ በቀር ሊገባ አልቻለም፤ ከሃምሳ ዓመት በላይ በደረቅ አየር ውስጥ የቆየ ባሕር ዛፍ ሚስማር እንኳ አጣሞ የሚመልስ ጠንካራ እንጨት ነው። ከዚያ ወደ ቋሚዎቹ ወረድን። ከወገብ በላይ ያው ጥንካሬ ነበር፤ ከመሬቱ አንድ ስንዝር ከፍ ብሎ ሲሞከር ግን ካቻቪቴው ያለ አንዳች ድምፅ እስከ እጀታው ሰጠመ። እንጨቱ ጠቁሮ፣ በጣት ሲፈተግ እንደ ቡና አተላ ይፈረፈር ነበር።

«ጋሼ፣ ምስጥ ነው ይሄ?» ብዬ ጠየቅኋቸው።

«ምስጥ ቢሆን የአፈር መንገዱን እንጨቱ ላይ ታየው ነበር፣ ልጄ፤ ይሄ ውሃ ነው» አሉኝ።

እንጨት ዘወትር ደረቅ ሆኖ ከኖረ፣ ወይም ዘወትር ውሃ ውስጥ ተዘፍቆ ከቆየ ዕድሜው ረጅም ነው። የሚበሰብሰው እርጥበትና አየር በሚገናኙበት ቦታ፣ ማለትም ከመሬቱ ገጽ ትንሽ ከፍና ትንሽ ዝቅ ብሎ ባለው ክፍል ነው። የእኛም ቋሚዎች እንዲሁ ነበሩ፤ ከሥር ሲቆፈሩ ጥልቁ ውስጥ ያለው ጫፋቸው ከመሬቱ ገጽ አጠገብ ካለው ይሻል ነበር። በዚህ አኳኋን ከ22ቱ ቋሚዎች 16ቱ እግራቸው አልቋል። ደህና ከቆዩት መካከል ሁለቱ የኋላ ማዕዘን ቋሚዎች ናቸው፤ እነሱ ከሐበሻ ጽድ የተጠረቡ ነበሩ። የጽድ እንጨት መበስበስንም ምስጥንም እንደሚቋቋም የድሮ አናጢዎች አጥብቀው ያውቁ ስለነበር ገንዘብ በፈቀደ መጠን ቢያንስ ማዕዘኑን በጽድ ያቆሙ ነበር። ባሕር ዛፍ በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ገብቶ የከተማዋን የእንጨት ችግር ካቃለለ በኋላ ግን ጽድ ለማዕዘንና ለበር መቃን ብቻ የሚገኝ ብርቅ ነገር ሆነ።

ውሃው ከየት መጣ የሚለው ጥያቄ ከእንጨቱ ይበልጥ አስፈላጊ ነበር። አዲስ አበባ በዓመት በአማካይ ወደ 1,200 ሚሊ ሜትር ዝናብ ታገኛለች፤ አብዛኛውም ከሰኔ እስከ መስከረም ባለው ጊዜ ይወርዳል። አንድ ሚሊ ሜትር ዝናብ በአንድ ካሬ ሜትር ላይ አንድ ሊትር ውሃ ማለት ነው። የጋራዡ ክዳን 22 ካሬ ሜትር ያህል ስለሚሸፍን በዓመት ከ26,000 ሊትር በላይ ውሃ ይቀበላል፤ አሸንዳ ስላልነበረውም ይህ ሁሉ ከክፈፉ እየተንጠባጠበ ከግድግዳው እግር ሁለት ስንዝር በማይሞላ ርቀት ላይ ይወድቅ ነበር። የሚወድቀው ውሃ አፈሩን ሰርስሮ ቦይ ሠርቷል፤ እየፈነጠረም የግድግዳውን ግርጌ በየክረምቱ ያረጥበው ነበር።

ሌላው ምክንያት ከቤቱ ውጭ የመጣ ነው። ቤቱ ሲሠራ ወለሉ ከመንገዱ ከፍ ያለ እንደነበር አባቴ ካነሳው ፎቶግራፍ ይታያል። ዓመታት ሲያልፉ መንገዱ ላይ ገረገንቲ ተደፋ፣ ቆይቶም ኮብልስቶን ተነጠፈ፤ በእያንዳንዱ ሥራ መንገዱ ከፍ ሲል ጋራዡ ባለበት ቀረ። የኮብልስቶን መንገድ ለሰፈሩ ትልቅ እፎይታ ቢሆንም ከደጃፉ ዝቅ ብሎ ለቀረ ቤት ግን ጎርፉን ወደ ውስጥ የሚመራ ተዳፋት ነው። በግቢው በኩልም አመድ፣ ጥራጊና የአበባ መደብ አፈር እየተደራረበ የኋላውን ግድግዳ እስከ ጉልበት ድረስ ቀብሮት ነበር። ግድግዳው ያበጠው ልክ እዚያ ከፍታ ላይ ነው።

ሦስተኛው ሲሚንቶው ነው፤ እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ምክንያቱም በጭቃ ቤቶች ላይ በቅን ልቦና ከሚፈጸሙ ጥፋቶች ትልቁ ይህ ይመስለኛል። የጭቃ ግድግዳ እርጥበት ይቀበላል፣ ፀሐይ ሲወጣ ደግሞ መልሶ ይለቃል። የሲሚንቶ ልስን ግን ደረቅና ግትር ነው፤ ከጭቃው ጋር አብሮ አያብጥም፣ አብሮ አይኮማተርም። ስለዚህ ከዓመት ዓመት በመካከላቸው ክፍተት ይፈጠራል፤ በስንጥቁ የገባው ውሃ ተመልሶ የሚወጣበት መንገድ ስለሚያጣ ከልስኑ ጀርባ ጭቃውን ያሟሟዋል። ግድግዳችንን በጣት አንጓ ስናንኳኳው በብዙ ቦታ እንደ ባዶ ሣጥን ያስተጋባ ነበር። አንዱን ገጽ በመዶሻ ሸርተት ስናደርገው የክንድ ስፋት ያለው ልስን እንዳለ ወረደ፤ ከጀርባው ለመያዣ የተመታው የዶሮ ሽቦ ዝጎ ዱቄት ሆኗል፤ ጭቃው ደግሞ በበጋ እንኳ በእጅ ሲዳሰስ እርጥብ ነበር። ውብ መስሎ የታየው ልስን ለዓመታት በሽታውን ሸፍኖ ይዞት ኖሯል።

እንግዲህ ብሎኬቱን ለምን ተውኩት? አንደኛ፣ ጣሪያው ደህና ነው፤ ግድግዳውን በብሎኬት ለመተካት ግን ደህናውን ጣሪያ ማፍረስ ያስፈልጋል። ሁለተኛ፣ አፍርሶ መሥራት አዲስ ግንባታ ስለሆነ ከንድፍ ጀምሮ ሙሉ የግንባታ ፈቃድ ሂደት ይጠይቃል፤ ያለውን ቤት ቅርጹንና ስፋቱን ሳይለውጡ ማደስ ደግሞ በእድሳት ፈቃድ የሚያልቅ ጉዳይ ነው፤ ጋራዡ ከጎረቤት አጥር ጋር እጅግ ተጠግቶ ስለቆመም እንደ አዲስ ሲጠየቅ በዚያው ቦታ ላይ መፈቀዱ የሚያጠራጥር ነበር። ከሁሉ በላይ ግን ውሃው መንገዱ ካልተቀየረ ብሎኬትም ቢሆን ከሥሩ እየተሸረሸረ ይሰነጠቃል። ብሎኬት ጥፋቱን ያዘገየው ይሆናል እንጂ ምክንያቱን አያነሳውም።

ሥራውን የጀመርነው መስቀል አልፎ መሬቱ ጠፈፍ ሲል በጥቅምት ነው። ወሩን የወሰነው ጭቃው ነው፤ ምርጊት ለመድረቅ ረጅም የፀሐይ ጊዜ ይፈልጋል፣ አዲስ የጤፍ ጭድም እንደ ልብ የሚገኘው አጨዳና ውቂያ ሲደርስ፣ ከኅዳር በኋላ ነው። ስለዚህ ጥቅምትን ለመሠረቱና ለእንጨቱ፣ ከዚያ ወዲያ ያለውን ለጭቃው ከፍለን የበልግ ዝናብ ሳይመጣ ለመጨረስ አሰብን።

መጀመሪያ የተሠራው ቁፋሮ ነበር። ከኋላው ግድግዳ ላይ የተቆለለው አፈር ተነስቶ መሬቱ ወደ ድሮው ልኩ ተመለሰ፤ ከዚያ በዙሪያው ወደ ግቢው ፍሳሽ የሚወስድ፣ በጠጠር የተሞላ ቦይ ወጣ። ቀጥሎ ከግድግዳው የታችኛው አንድ ሜትር ያህል ጭቃው ተፈርፍሮ ወረደ። ይህ የተደረገው ስለተበላሸ ብቻ ሳይሆን ለክብደቱም ጭምር ነው፤ 15 ሳንቲ ሜትር ውፍረትና 2 ሜትር ከ40 ከፍታ ያለው የጭቃ ግድግዳ በእያንዳንዱ ሜትር ርዝመቱ ከግማሽ ቶን በላይ ይመዝናል፤ ይህን ሁሉ ተሸክሞ ቤት ማንሳት አደጋ አለው። የወረደው ጭቃ አልተጣለም፤ ሲሚንቶውን ለቅመን ካወጣን በኋላ ጥግ ላይ ተከምሮ ተራውን ጠበቀ።

ቤቱን ያነሳነው በክሪክ ነው። አናጢው አንድ ወፍራም አግዳሚ እንጨት ከወገብ ከፍ ብሎ ከአራት ቋሚዎች ጋር በቡሎን አሰሩት፤ ከሥሩ ሰፊ ጣውላ ተነጥፎ ሁለት የከባድ መኪና ክሪኮች ቆሙ። ከዚያ አንድ ሰው በዚህ፣ አንድ ሰው በዚያ ሆኖ አናጢው «ሩብ» ባሉ ቁጥር የክሪኩን እጀታ ሩብ ዙር ያዞራል፤ ከእያንዳንዱ ሩብ በኋላ ሁላችንም ዝም ብለን እንጨቱ የሚያሰማውን እናዳምጣለን። መጀመሪያ ላይ ምንም አይታይም፤ ከዚያ ሚስማሮቹ ከላይ ማጉረምረም ይጀምራሉ፤ ወዲያው የበሰበሰው እግር ከመሬቱ ተላቅቆ እንደ ጥርስ ተንጠልጥሎ ይቀራል። ይህ ሁሉ የሆነው ጥቂት ሚሊ ሜትር ከፍ በማድረግ ብቻ ነው፤ ከዚያ በላይ ማንሳት አላስፈለገም፤ ቢነሳም ኖሮ ወራጆቹን ከመጋጠሚያቸው ያላቅቅ ነበር። የተነሳው ክፍል በድጋፍ ከተያዘ በኋላ የበሰበሱት ቋሚዎች ከመሬቱ 45 ሳንቲ ሜትር ላይ ተቆረጡ። ያንን ክፍል ጨርሰን ሳናሳርፍ ወደሚቀጥለው አልሄድንም፤ አንድ ጎን በሙሉ በአንድ ጊዜ ባዶ እግሩን አልቆመም።

ከተቆረጡት ቋሚዎች ሥር የገባው በጥቁር ድንጋይ የተገነባ መሠረት ነው። 60 ሳንቲ ሜትር ጥልቀት ተቆፍሮ ጠንካራ ቀይ አፈር ላይ ሲደረስ ግንበኛው ድንጋዩን በ1 ለ4 የሲሚንቶና የአሸዋ ድብልቅ እያያዘ ከመሬት በላይ 40 ሳንቲ ሜትር አወጣው። በቦሌና በአቃቂ በኩል እንዳለው ጥቁር ዋልካ ቢሆን ኖሮ ይህ ጥልቀት አይበቃም ነበር፤ ዋልካ በክረምት ያብጣል፣ በበጋ ይሰነጠቃል፣ የተቀመጠበትንም ግንብ ይዞት ይነሳል ይወድቃል። በግንቡ ራስ ላይ ሬንጅ ተቀብቶ ወፍራም ላስቲክ ተነጠፈበት፤ ድንጋይና ሲሚንቶ ከመሬት ወደ ላይ የሚስቡት እርጥበት እንጨቱ ዘንድ እንዳይደርስ የሚከለክለው ይህ ሽፋን ነው። ከላዩ እያንዳንዱ ቋሚ በግንቡ ውስጥ ከተቀበረ ቡሎን ጋር በተበየደ የላሜራ ጫማ ውስጥ ተቀመጠ። የእንጨቱ መቁረጫ ገጽ የተቃጠለ ዘይት እንዲጠጣ ተደርጓል፤ ይህ የቆየ ልማድ ነው፤ አልጠላውም፤ ነገር ግን አፈር ውስጥ የተቀበረ እንጨትን በዘይት ብቻ ለማዳን መሞከር ጊዜ ከመግዛት አያልፍም። ጽዶቹን እንዳሉ ተውናቸው።

አሁን ግን አዲስ ችግር ተፈጠረ፤ ብዙ አዳሾች የሚዘነጉትም ይህንን ነው። መሬት ውስጥ የተቀበረ ቋሚ ራሱን ችሎ ይቆማል፤ ነፋስ ቢገፋው የቀበረው አፈር ይይዘዋል። ተቆርጦ ግንብ ላይ ሲቀመጥ ግን ሸክም ይሸከማል እንጂ ወደ ጎን ሲገፉት የሚከለክለው ነገር የለም። በተራ ቤት አራቱ ግድግዳዎች እርስ በርስ ይደጋገፋሉ፤ ጋራዥ ግን አንድ ጎኑ በሙሉ በር ነው። ቤቱ ወደ በሩ ያዘነበለውም በአጋጣሚ አልነበረም። ስለዚህ በሦስቱ ግድግዳዎች ከየማዕዘኑ ራስ ወደ ግርጌ ሰያፍ ሆኖ የሚወርድ ሞራሌ (በአራት ማዕዘን የተሰነጠቀ እንጨት) ቋሚዎቹን በትንሹ እየፈለጠ ገብቶ ተቸነከረ፤ በኋላ በጭቃው ውስጥ ስለተሸፈነ አይታይም። በበሩ በኩል ደግሞ ሁለት ወፍራም የቱቦላሬ (ውስጡ ክፍት የሆነ ባለ አራት ማዕዘን ብረት) ቋሚዎች 80 ሳንቲ ሜትር ጥልቀት ባለው ኮንክሪት ውስጥ ቆመው ከላይ በቱቦላሬ አግዳሚ ተያያዙ፤ በሁለቱም ማዕዘን ሦስት ማዕዘን ያለው ላሜራ ተበየደ። በሩ የተንጠለጠለው በዚህ ብረት ላይ ነው፤ ስለዚህ የበሩ ክብደት ከግድግዳው ጋር ምንም ግንኙነት የለውም። በያጁ ላሜራውን ለማሳመር አበባ ልቅረጽበት ብሎ ነበር፤ አመስግኜ ከለከልኩት።

ከዚያ ጭቃው መጣ። ይህን ክፍል የሠሩት ሁለት ሴቶች ናቸው፤ ሙያውን በገጠር በልጅነታቸው የተማሩ፣ ዛሬ በከተማው የሚጠራቸው እያነሰ የሄደ ባለሙያዎች። ጥልቀት የሌለው ጉድጓድ ተቆፍሮ የድሮው ጭቃና አዲስ ቀይ አፈር ተደባልቆ ገባበት፤ ውሃ ጠጣ፤ ረዘም ያለ ጭድ ተበተነበት፤ ከዚያ በእግር ተረገጠ። የድሮው ጭቃ መግባቱ ለቁጠባ ብቻ አልነበረም፤ አንድ ጊዜ ደርቆና ተኮማትሮ ያለፈ አፈር ከአዲሱ ይልቅ መሰንጠቁ እንደሚያንስ ሁለቱም ነገሩኝ። በላስቲክ ተሸፍኖ ወደ ሁለት ሳምንት ቆየ፤ በመካከሉ ደጋግመው ከፍተው ረገጡት። እኔ ላየው የተዘጋጀ ይመስለኝ ነበር፤ እነሱ ግን እፍኝ አንስተው፣ በጣታቸው መካከል ጨምቀው፣ ሽታውንም አሽትተው «ገና አልበሰለም» ይላሉ። የበሰለው ሽታው ከሩቅ ይከረፋል፤ ጭዱ ልስልስ ብሎ ከአፈሩ ጋር ተዋህዶ ሲጎተት እንደ ክር ይሳባል፤ ጭቃውም እጅ ላይ ከመለጠፍ ይልቅ እንደ ሊጥ ይሰበሰባል።

ምርጊቱ የተመታው ከውስጥና ከውጭ በአንድ ጊዜ ነው። አንዷ ከውጭ፣ አንዷ ከውስጥ ቆመው አንድ ማገር ላይ ትይዩ ጭቃቸውን ሲወረውሩ ሁለቱ በማገሩ መካከል ተገናኝተው ይነካከሳሉ፤ አንድ ሰው በአንድ በኩል ብቻ ቢመርግ ግን ጭቃው በማገሩ ላይ ተንጠልጥሎ ይቀራል እንጂ ውስጡ አይሞላም። የመጀመሪያው ምርጊት ሲደርቅ ጣት የሚያስገባ ስንጥቅ አወጣ። እንዳልደነግጥ አስቀድሞ ተነግሮኛል፤ ስንጥቁ ሁለተኛው ምርጊት የሚይዝበት ጥርስ ነው። ሁለተኛው ጭቃ ጭዱ ያጠረ፣ ሦስተኛው ደግሞ አፈሩ በወንፊት የተነፋ፣ አሸዋና እበት የገባበት ልስን ነበር። እያንዳንዱ ንብር ከሥሩ ያለው በደንብ ሳይደርቅ አልተመታም፤ ባለቤት ሥራውን የሚያበላሸው «ዛሬ ይለቅ» እያለ በዚህ ጊዜ ሲቸኩል ነው። በመጨረሻ ግድግዳው ሲሚንቶ አልነካውም፤ የረጠበ ኖራ ቀጠን ብሎ ደጋግሞ ተቀባ። ኖራ እርጥበቱን ያስተነፍሳል፤ ሲነሳ ደግሞ በብሩሽ መልሶ መቀባት ነው።

ክዳኑ ብዙ አላስቸገረም። ከድሮዎቹ ቆርቆሮዎች ዝገት የበላቸው በበሩ በኩል ያሉት ብቻ ስለነበሩ እነሱን በ28 ጌጅ ቆርቆሮ ተካን። በገበያው ርካሹ 35 ጌጅ ነው፤ ቁጥሩ ሲጨምር ቆርቆሮው ይሳሳል፤ 35ቱ ከላዩ ሰው ሲሄድበት ይጎደጉዳል፤ ከድሮው ወፍራም ቆርቆሮ አጠገብ ሲቀመጥማ እንደ ወረቀት ነው። ክፈፉ በእያንዳንዱ ጎን ወደ 60 ሳንቲ ሜትር እንዲወጣ ወራጆቹ ላይ ቅጥያ ተጨመረ፤ በሁለቱም በኩል አሸንዳ ተሰቀለ፤ ውሃው በቱቦ ወርዶ በርሜል ይሞላል፤ የተረፈው ወደ ቦዩ ይሄዳል። ከሥራው ሁሉ እጅግ ርካሹ ይህ አሸንዳ ነበር። አባቴ በጊዜው አድርጎት ቢሆን ኖሮ ከላይ የጻፍኩት አብዛኛው አያስፈልግም ነበር፤ በዘመኑ ግን አሸንዳ ለዋናው ቤት እንጂ ለጋራዥ የሚታሰብ ነገር አልነበረም።

ወለሉ በዘይት የጠቆረ አፈር ነበር። ጠርገን አውጥተን 25 ሳንቲ ሜትር ድንጋይ ተደለደለበት፤ ከላዩ ላስቲክ፣ ከዚያ 10 ሳንቲ ሜትር ኮንክሪት ፈሰሰ። ለ18 ካሬ ሜትር ወለል ይህ ወደ 1.8 ሜትር ኩብ ኮንክሪት ነው፤ 6 ኩንታል ያህል ሲሚንቶ በልቷል። ወለሉ ከመንገዱ ከፍ እንዲልና ወደ በሩ እንዲያዘነብል ተደረገ፤ ደጃፉ ላይ ደግሞ የመንገዱን ጎርፍ የሚይዝ፣ በብረት ፍርግርግ የተሸፈነ ቦይ ገባ። ኮንክሪቱ ለአንድ ሳምንት ጠዋትና ማታ ውሃ ጠጣ፤ ሊሾው፣ ማለትም የወለሉን ገጽ የሚያለሰልሰው የሲሚንቶ ልባስ፣ ከዚያ በኋላ ተመታ። ሠራተኞቹ መኪናውን በሳምንቱ ልታስገባ ትችላለህ አሉኝ፤ ኮንክሪት የሚጠበቅበትን ጥንካሬ የሚያገኘው በ28 ቀን ስለሆነ ግን ጠበቅሁ። የአዲስ አበባ ሌሊት ቀዝቃዛ ነው፤ ብርድ ደግሞ ሲሚንቶን ያዘገየዋል።

ለወጪው ዝርዝር አልሰጥም፤ የሲሚንቶና የብረት ዋጋ ጽሑፉ ተነብቦ ሳያልቅ ይለወጣል። በአጠቃላይ ግን ትልቁን ድርሻ የወሰዱት የድንጋዩ መሠረትና የበሩ ብረት ናቸው፤ ጭቃው ከሁሉ ብዙ ጊዜ የፈጀ ቢሆንም የወሰደው ገንዘብ ከጉልበት ዋጋ ብዙም አላለፈም። በብሎኬት ይሠራልኝ ብዬ ካስገመትኩት ጋር ሲነጻጸር ከግማሽ ትንሽ በለጥ ያለ ሆኗል። ጣሪያው ቢበሰብስ ኖሮ ስሌቱ ይገለበጥ ነበር፤ ወራጁ በካቻቪቴ የሚወጋ ቤት ላለው ሰው ይህን መንገድ አልመክርም።

የቀረው መብራት ነው። ከዋናው ቤት እስከ ጋራዡ ያለው መስመር ሊሾው ሳይመታ በቱቦ ከመሬት ሥር ተቀብሯል። ለአንድ አምፖልና ለአንድ ሶኬት ቀጭን ሽቦ ይበቃ ነበር፤ እናቴ ግን ወለሉን ካየችበት ቀን ጀምሮ ምጣዷን እዚህ ለማዛወር ቆርጣ ተነስታለች። የኤሌክትሪክ ምጣድ ወደ 3.5 ኪሎ ዋት ይስባል፤ በ220 ቮልት 16 አምፔር ያህል ማለት ነው፤ ይህ ደግሞ ባለ 4 ካሬ ሚሊ ሜትር ሽቦና የራሱ ማብሪያ ማጥፊያ ይፈልጋል። ቤንዚን የያዘ መኪና በቆመበት ክፍል ምጣድ አይጣድም ብዬ ተከራክሬያለሁ፤ እሷም መኪናው እንጀራ በሚጋገርበት ቀን ውጭ ይዋል ብላ መልሳለች። ክርክሩ ገና አልተቋጨም፤ ሽቦውን ግን ለምጣዱ በሚበቃ ውፍረት አስገብቻለሁ።